እናቴ የተሳፈረችባት አውሮፕላን

እናቴ ሐጅ የሄደች ዕለት እኔ ሸዋ ሮቢት ነበርኩ። ሥራዬ አዲስ አበባ ነው፤ አውሮፕላኑም የሚነሳው ከአዲስ አበባ ነው። እኔ ግን ፈቃድ ጠይቄ፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ወደወጣችበት ቤት ገባሁ። ለአለቃዬ «አባቴ ብቻውን ነው፤ ሽንኩርቱም ደርሷል» አልኩት። ሁለቱም እውነት ነበር።

«እናትህን ሳትሸኝ?» አለኝ።

«ከአገር ሰው ጋር ናት። አጎቴም አብሯት አለ።»

አየት አደረገኝና ፈቀደልኝ።

እውነተኛው ምክንያት ሳይገባው አልቀረም። የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከእጄ ሥር የወጣ አውሮፕላን በየቀኑ ሰው ጭኖ ይሄዳል፤ የተጫነውን ሰው ግን አላስበውም። ቡሎን ሳስር የማስበው ቡሎኑን ነው። መመሪያው የሚለውን አነባለሁ፣ በተባለው ልክ አጠብቃለሁ፣ ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪያየው እጠብቃለሁ። እናቴ ያንን ደረጃ ስትወጣ ባያት እጄ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ፈራሁ። ስለዚህ ወደ ቆላው ወረድኩ።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በመስኖ የሚለማው ሜዳ ላይ ነው። አባቴ እንደየወቅቱ ሽንኩርትና ማሾ ይዘራል። እናቴ ማንጎና ሎሚ ገበያ ትወስዳለች። አባቴ ለሰው «ልጄ አውሮፕላን ያክማል» ይላል። እናቴ «ጎማ ነው የሚቀይረው» ብላ ታርመዋለች፤ አንድ ጊዜ ሥራህ ምንድነው ብላኝ ላለማስረዘም እንዲያ ብያት ነበር።

እሷ በሌለችበት ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ድሮም አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት ይብሳል። ከጥላው ተነስቼ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ አስፋልቱ እመላለሳለሁ። ባጃጅ ስሳፈር የኋላ ጎማው ኩሽኔታ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ሾፌሩን አስቁሜ ልነግረው አልነግረው ስል መድረሻዬ ይደርሳል። አባቴ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና፣

«አንተ ሰው፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

«ምንም አባ።»

«ምንም ያልጠፋበት ሰው እንዲህ አይዞርም።»

የበረራዋ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሽንኩርት ከሚነቅሉት ሴቶች ጋር ማሳ ውስጥ ነበርኩ። አብዛኞቹ ከጀውሃ በኩል የመጡ ናቸው። ስልኬ ነዘረ። ከሥራ ባልደረባዬ የመጣ መልእክት ነው። እኔና እሱ በአንድ ቡድን ነን፤ ሻይ እንኳ ለየብቻ አንጠጣም። «እናትህ በእኛዋ ልትሄድ ነው፤ አሁን እየተሳፈሩ ነው» ይላል። ከታች አውሮፕላኗ ጅራት ላይ ያሉትን ፊደሎች ጽፎልኛል።

እኛ አውሮፕላኖቹን የምንጠራቸው በእነዚያ ፊደሎች ነው። አወቅኳት። ባለፈው ሳምንት ጥገና ገብታ ሳለ፣ ጎማው በሚታጠፍበት በግራው ጓዳ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ አንድ ቀጭን ቧንቧ ቀይሬላታለሁ። ቧንቧው ጎማውን የሚያጥፈውንና ፍሬኑን የሚይዘውን ዘይት ያመላልሳል። የሸሸሁት ነገር ቀድሞኝ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

በስልክ ላይ አውሮፕላኖች የት እንደደረሱ የሚያሳይ ነገር አለ። ከፈትኩት። ትንሿ ምልክት ከአዲስ አበባ ተነስታ ወደ እኛ ስትመጣ አየሁ።

«እማ በእኛ ላይ ልታልፍ ነው» አልኩ።

ሴቶቹ ቀና አሉ። አባቴም ከጥላው ወጣ፤ እሱ ግን ሰማዩን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ከተራራው ጫፍ በላይ ነጭ ነገር ብቅ አለች። ድምፅ ገና የለም። አንዷ ሴት የሽንኩርቱን አፈር ከእጇ አራግፋ ለዱዓ ዘረጋች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። «አላህ በሰላም ያድርሳት፣ በሰላም ይመልሳት» አሉ። እኔም አሚን አልኩ።

እጃቸውን ከፊታቸው ላይ ሳያወርዱ ምልክቷ ስልኬ ላይ መዞር ጀመረች። ቀና ብዬ አየሁ። ከላይም እየዞረች ነው። ቀስ ብላ፣ ሰፊ አድርጋ፣ ወደመጣችበት።

«ለምን ዞረች?» አለች ዱዓውን የጀመረችው ሴት።

«መንገዳቸው ነው» አልኳት።

መንገዳቸው አልነበረም። አንድ አውሮፕላን ከፍታዋን ሳትጨርስ ወደተነሳችበት የምትመለሰው አብራሪዎቹ የማይወዱት ነገር ሲያዩ ነው። አባቴ አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ፊትህ ሌላ ነው» አለኝ።

«ተመልሰዋል አባ። አንድ ነገር አይተው ይሆናል። ይሄ ይደረጋል፤ እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«ይወድቃሉ?»

«አይወድቁም።»

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ሽንኩርት የሞላ ጆንያ አንስቼ ወደ ዳር ወሰድኩ፤ ተመልሼ ሌላ አነሳሁ። በየመሐሉ ስልኩን አያለሁ። ምልክቷ ዝቅ እያለች፣ ዝቅ እያለች ሄዳ አዲስ አበባ ማረፊያው ላይ ቆመች። የያዝኩትን ጆንያ አውርጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ፊቴን አይቶ ገባውና «አልሀምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ሴቶቹን ወደ ሥራቸው መለሳቸው።

የእናቴ ስልክ ዝግ ነው። የአጎቴም ዝግ ነው። ባልደረባዬ አነሳ። ድምፁ የቸኮለ ነበር።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ዘይት ቀንሶባቸው ነው። የሚያፈሰው ከግራው ጓዳ ነው።»

«ከየቱ?»

«አልታወቀም፤ ገና እየከፈቱ ነው። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነው፤ እደውልልሃለሁ።»

ዘጋው። ከግራው ጓዳ። እጄን አየሁት፤ አፈርና የሽንኩርት ቅርፊት ነበረበት። ያንን ቧንቧ ያሰርኩበትን ሰዓት በሐሳቤ ደግሜ ደጋግሜ ሠራሁት። ጫፉን ጠርጌዋለሁ። በእጄ አስጀምሬዋለሁ፤ ጥርሱ አልተዛባም። በመለኪያ ቁልፉ አጥብቄዋለሁ፤ ልኩ ሲደርስ ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። ተቆጣጣሪው በባትሪ አይቶታል። ዘይት ተለቆበት ተሞክሯል፤ ደረቅ ነበር። ሁሉንም አስታውሳለሁ። በደገምኩት ቁጥር ግን አንዱ ነገር ያጠራጥረኛል። ቀጭ ሲል የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው ወይስ የሌላ ቀኑን? ይህንን ሥራ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ቀኖቹ እርስ በርስ ተመሳሰሉብኝ።

«አዲስ አበባ ልሂድ» አልኩት አባቴን።

«ሄደህ ምን ልታደርግ?»

«አላውቅም።»

«መንገዱ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ዛሬ ሰላም ነው ብለዋል።»

አባቴ በዚያ መንገድ መሄዴን አይወድም። ቢሆንም አልከለከለኝም። «ውኃ ያዝ» አለኝ ብቻ።

ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ገባሁ። ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ረዳቱ «ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው» እያለ ይጮሃል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አይመጡም። ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። አጠገቤ ነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ ጭናቸው ላይ ቅርጫት አድርገው ተቀምጠዋል። ወጥቼ ገባሁ፤ ደግሜ ወጥቼ ገባሁ። ሴትዮዋ እግራቸውን እየሰበሰቡ ሲያሳልፉኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ አንዱን ምረጥ» አሉኝ።

ይቅርታ ጠይቄ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«የት ነህ?» አለችኝ።

«መናኸሪያ። ወደ አንቺ ልመጣ ነው።»

«እኔ ልሄድ ነው፤ አንተ ወደ ማን ነው የምትመጣው?»

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሀምዱሊላህ። ምሳ ሰጥተውናል። ዶሮ ነው፣ ጨው የለውም። አሁን ስማኝ። እዚህ ሴቶቹ ፈርተዋል። ያቺኑ አውሮፕላን ሠርተው መልሰው ሊያሳፍሩን ነው ተብሏል። አንዳንዶቹ ሻንጣችንን አውርዱልን፣ ወደ አገራችን እንመለስ ይላሉ። ‹ልጅሽ እዚያ ነው የሚሠራው፣ ጠይቂልን› ብለውኝ ነው የደወልኩት። እኔ ወስኛለሁ። ለእነሱ ምን ልበላቸው?»

በስልኩ ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። የአገራችን አነጋገር ነው፤ አንዷ ታለቅሳለች። ማስረዳት ጀመርኩ። አውሮፕላን በአንዱ መስመር ዘይት ቢቀንስባት ሌላ መስመር እንዳላት፣ አብራሪዎቹ የተመለሱት ስለተማሩ እንደሆነ፣ አንድ ሰው የሠራውን ሌላ ሰው ሳያየው እንደማያልፍ፣ አሁን የከፈቷት ሰዎች ምን ምን እንደሚፈትሹ። እናቴ ጥቂት ሰማችኝና፣

«ይሄ ረዘመ» አለች። «ለሴቶች የሚነገር ስጠኝ።»

አጭር ቃል ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

«አንተ ሠርተሃታል?» አለችኝ።

«ከጓደኞቼ ጋር፣ አዎ።»

«አሁን የተበላሸው አንተ የሠራኸው ነው?»

«አላውቅም እማ። ሊሆን ይችላል።»

ሴቶቹን «ቆዩ» አለቻቸው። ከዚያ፣ «እዚህ ብትሆን ትሳፈራለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ተመልሳ የተከፈተችን አውሮፕላን ያህል የሚፈተሽ እንደሌለ በጭንቅላቴ አውቃለሁ። አለቃዬንም አውቀዋለሁ፤ እሱ ሳያምንባት አትወጣም። ሆዴ ግን ሌላ ነገር ይላል። ሆዴ የሚለው ውረጂ፣ ልብስሽን ይዘሽ ወደ ቤት ነይ ነው። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ቅርጫታቸውን ይዘው ያዩኛል። ረዳቱ እንኳ ጩኸቱን ትቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«እሳፈራለሁ» አልኳት።

«በቃ» አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ «እናትህ ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ። ሐጅ እየሄደች ነው።»

«እመቤቴ ትከተላቸው» አሉ፤ ከዚያ መልሰው፣ «ሂድ ውረድ በቃ። እዚያም ብትሄድ አታገኛቸውም» አሉኝ።

ወረድኩ። ረዳቱ «ሊሞላልን ሲል ነው እንዴ?» ብሎ አጉረመረመና ጥሪውን ቀጠለ።

ዋናውን መንገድ ይዤ ዝም ብዬ ሄድኩ። ጀርባዬን ፀሐይ ይመታኛል። ማንጎ ሻጮቹን አለፍኩ፣ ጎማ የሚለጥፉትን አለፍኩ፣ ከጥላ ጥላ እየተሻገርኩ እስከ ከተማው ዳርቻ ሄጄ ተመለስኩ። አሁን ፍርሃቴ ሁለት ሆኗል። የመጀመሪያው፣ ያፈሰሰው የእኔ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ከእናቴ ጋር የማላውቃቸውን ሴቶች ሁሉ በአንድ ቃል አሳፍሬያለሁ።

አለቃዬ የደወለልኝ ከጎማ ለጣፊዎቹ አጠገብ ቆሜ ሳለ ነው።

«የአንተ አይደለም» አለኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም። «ቧንቧህ ደረቅ ነው። ከአጠገቡ ያለው ፓምፕ ነው ያፈሰሰው። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ተቆርጧል። ቀይረነዋል፤ ሞክረነዋል። እኔ ራሴ ጓዳው ውስጥ ገብቼ አይቼዋለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

«እናትህን አገኘኋት። ነጭ ልብስ የለበሱትን ሴቶች ሰብስባ ታሰልፋቸዋለች። የእኔን ልጅ እንዳታባርረው አለችኝ። ማን ሊያባርረው አልኳት።» ሳቀና ዘጋው።

አጠገቤ ያለ የድንጋይ ግንብ ላይ ተደገፍኩ። ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ያንን ፓምፕ የገጠመው ባልደረባዬ ነው። እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ ቧንቧውን ሳስር እሱ ከእግሬ በኩል ጎንበስ ብሎ ፓምፑን ያስር ነበር። ሥራውን አይቼዋለሁ፤ እንደ እሱ ንጹሕ አድርጎ የሚሠራ የለም። እኔ ደስ ያለኝ በእሱ ላይ በወረደው ነገር ነበር። ደወልኩለት።

ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳ።

«እናትህ ውስጧ ነበረች» አለ።

«ነበረች። አሁንም ልትሄድ ነው።»

«ጎሚኒውን አሳዩኝ። ከፋብሪካ ሲመጣ ጀምሮ እንከን ያለበት ነው ይላሉ። አላምናቸውም። እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል።»

«አብሬህ ነበርኩ እኮ። አይቼሃለሁ።»

«ባታየኝ ይሻል ነበር» አለ። ከዚያ ትንፋሹን ሰማሁት። «ሰኞ ና» አለኝ። እሺ አልኩት።

ቤት ስመለስ አባቴ የአስር ሶላት ሰግዶ ምንጣፉን እያጠፈ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ፓምፑ ብዙም አልጠየቀኝም።

«ለእናትህ ምን አልካት?» አለኝ።

«ተሳፈሪ አልኳት።»

ምንጣፉን ሰቀለና ተቀመጠ። «እኔ ብሆን ተመለሺ እላት ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ለዚህ ነው ለእኔ ያልደወለችው» አለ። ቅር ያለው መሰለኝ፤ ግን እየሳቀ ነበር።

ሁለተኛው በረራ ፀሐይ ሳትገባ ነው የተነሳው። ኔትወርኩ ጠፍቶ ስልኬ ምንም አያሳየኝም። ተራራው ላይ ደመና ተኝቶበታል። አባቴና እኔ ማሳው መሐል ቆምን፤ ሴቶቹ ሄደዋል። ድምፅ ሰማን፤ ከደመናው በላይ ረጅም ጉርምርምታ ነው። የእሷ ይሁን የሌላ አላወቅንም። አባቴ «እሷ ናት» አለ፤ አልተከራከርኩትም። ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ፣ ይዞር እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ። እስኪጠፋ አልዞረም። ከዚያ በኋላም መቀመጥ አልቻልኩም፤ መነሳት የማያስፈልጋቸውን ጆንያዎች ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

አጎቴ ከጅዳ ደውሎ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

«ደርሰናል» አለች። «ሁሉም ሴቶች መጡ። አንዷ ብቻ ዓይኗን ሳትገልጥ መጣች፤ እጄን አልለቀቀችም፤ ጣቶቼ አብጠዋል። እዚያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ብርድ እንዳለ አልነገርከኝም።»

«ረሳሁት እማ።»

«ቆላ የተወለደ ሰው ብርድ ይረሳል?» አለችና «አባትህን አቅርብልኝ» አለች። ስልኩን ለአባቴ ሰጥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ የተነጋገሩትን አልሰማሁም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ባልደረባዬ ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ አንድ ቡሎን ሦስት አራቴ የመንካት ልማድ ያዘው፤ አለቃዬም ዝም አለው። እኔንም ያዘኝ፤ ግን አልታየብኝም።

እናቴ በሰላም ተመልሳ ገባች። ላያት ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ተምርና ዘምዘም ይታደላል። እናቴ ስለ መካ ታወራለች። እንግዶቹ ደግሞ ስለ አውሮፕላኑ መመለስ እየደጋገሙ ያስወሯታል፤ እያንዳንዱ ጊዜ የልጇን ቃል ትጨምርበታለች። «እሳፈራለሁ አለኝ፤ ተሳፈርኩ» ትላለች። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ። የምገባበት አጣለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ውጭ ማንጎው ሥር አገኘችኝ። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፤ ፓስፖርቷ ወጥቷል። ከማጀቴ ከተማ አካባቢ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ላይ ይበርራሉ።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ አያስፈራም?» አለችኝ።

ይህንን መመለስ እችላለሁ። ሲነሳ ጆሮሽን ይደፍንሻል፤ ክንፉ ሲወዛወዝ አትደንግጪ፤ ብርድ አለ፣ ወፍራም ልብስ ያዢ አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከዚያ፣

«ስንወርድ ማን ይቀበለናል?» አለችኝ።

«ደላላው ምን አለሽ?»

«ሰው ይጠብቃችኋል አለ።»

«የማን ሰው?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ አውሮፕላን እንጂ የደላላ ሰው ፈትሼ አላውቅም። እናቴ ከውስጥ ጠራቻት፤ ገብታ ተቀመጠች፣ በላች፣ ሳቀች። በሌላው ሳምንት ሄደች። የተሳፈረችበትን ቀን አጣርቼ፣ የዚያን ዕለት ሥራ ላይ ሆኜ፣ አውሮፕላኑ ሲገፋ ከሩቅ ቆሜ አየሁት። ደህና አውሮፕላን ነበር። በሰዓቱ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ እናቷን ሳገኝ እጠይቃለሁ። «ደውላለች» ይሉኛል። ማን ተቀበላት ስላቸው፣ «ደህና ነኝ ትላለች» ይላሉ።